እንጥል ቆራጩ የመጡበት ጠዋት

ባለፈው ሳምንት ገለባ የጫነ መኪና ጎማው ተንፍሶ ደሴ ያለው ቤቴ በር ላይ ቆመ። መስኮቱን ልዘጋ ስነሳ የባቄላው ገለባ ብናኝ አፍንጫዬ ገባ፤ እጄ መያዣው ላይ እንዳለ ቀረ። ሌላው ሰው ይህን የጥጋብ ሽታ ይለዋል። እኔ ግን ሲሸተኝ የልጄ ደረት ሲያፏጭ ይሰማኛል።

ነገሩ ከሆነ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። መካነ ሰላም ነበርን። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፣ ባሌ ጅዳ ሄዷል፣ እኔ ገና ሃያ ዓመት የሞላኝ ነኝ፤ ከአማቴ ጋር ሆኜ የሦስት ዓመት ሴት ልጄን አሳድጋለሁ። ልጄ ስትወለድም ከሲታ ነበረች። እጥፋቷ ሁሉ ችፌ ነው፣ ጆሮዋ ይመግላል፣ ብርድ በነካት ቁጥር ትንፋሽ ያጥራታል። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ እሷ ላይ ነው። ሊጥ እያቦካሁ እሰማታለሁ፤ ከጎረቤት ጋር እያወራሁም እሰማታለሁ። ፉጨቱ ሲጀምራት የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ። የምፈራው ግን ፉጨቱን ብቻ አልነበረም፤ ድንገት ዝም ያለች እንደሆነ የኔም ልብ አብሮ ይቆም ነበር።

ታኅሣሥ ገባና የባቄላ ውቂያ ተጀመረ። ከቤታችን በላይ ካለው አውድማ ቢጫ ብናኝ በጠዋቱ ፀሐይ እንደ ጉም እየወረደ ግቢያችን ላይ ያርፍ ጀመር። ልጄ በሦስተኛው ቀን እህል አልቀምስ አለች። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ደረቷን አዳምጣ ሽሮፕ ሰጠችኝ።

«አስም ይመስለኛል» አለችኝ። «እኛ ጋ ኦክስጅን የለም። ከባሰባት ደሴ አድርሻት።» በር ላይ ስደርስ ተከትላኝ መጣች። «ደሞ እንጥሏን እንዳታስነኪ!»

ይህን ለአማቴ ነገርኳቸው። በማግስቱ ጠዋት ግን እሳቸው ያስጠሯቸው እንጥል ቆራጭ መጡ።

አማቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ክፉ ሴት አልነበሩም። ልጄ ካልበላች እሳቸውም አይበሉም። ለዚህም ነው ነገሩ የከበደኝ። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ መጣላት ይቀለኝ ነበር።

ቆራጩ ፊታቸው ደግ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታ ሰጥተው ገቡና ብርሃን ፈልገው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ከጨርቅ ውስጥ ጫፉ የተቆለመመ ብረትና የፈረስ ጭራ አወጡ። ብረቱን በጋቢያቸው ጫፍ ወልወል፣ ወልወል አደረጉት። ልጄ ብረቱን እያየች ጣቴን ጨመደደችው። ከንፈሯ ዳር ዳሩ ጠቁሯል።

«ራሷን የሚይዝልኝ ማነው?» አሉ።

«እኔ እይዛታለሁ» አሉ አማቴ።

«እማ፣ ነርሷ እኮ አይነካ ብላለች» አልኩ።

«ነርሷ ስንት ልጅ ቀብራለች?» አሉኝ። ዓይኔን አላዩኝም። «ቢስሚላህ በይና ስጪኝ።»

«እሺ፣ አፏን ላጉመጥምጣት» ብዬ ወደ ጓሮ ይዣት ዞርኩ። ጓሮ ስደርስ ግን ውኃውን አልነካሁትም። ልጄን በነጠላ አዘልኳትና በአጥሩ ሽንቁር ሾልኬ ወደ መኪና መቆሚያው ሮጥኩ። አማቴ ስሜን ሲጠሩ ከኋላዬ ይሰማኛል። አልዞርኩም።

ስንዴ የጫነ መኪና ወደ ደሴ ሊነሳ ሞተሩን አስነስቷል። ሾፌሩ ልጄን አንዴ አያትና «ጋቢና ግቢ» አለኝ።

አቀስታ ሳንደርስ ዳገቱ ላይ ጉም ዋጠን። ከፊታችን መንገድ ይሁን ገደል አይለይም። ልጄ አየር በሳበች ቁጥር አንገቷ ሥር ያለው ጎድጓዳ ይሰምጣል። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ዘጋ። ከዚያ ወዲያ የሞተሩና የእሷ ድምፅ ብቻ ቀረ። አንድ ኩርባ ላይ የእሷ ጠፋ።

«ዝም አለች!» ብዬ ጮህኩ።

ፍሬኑን ያዘ። «ቀና አድርጊያት! እንዳትተኛ፣ አናግሪያት!»

ቀና አድርጌ ትከሻዬ ላይ አስደገፍኳትና በስሟ ጠራኋት፤ ደግሜ ደጋግሜ ጠራኋት። ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ያየናል። በመጨረሻ አሳላት፤ ፉጨቱም ተመለሰ። ሾፌሩ ማርሽ አስገባ።

ሆስፒታል እንደደረስን ኦክስጅን አደረጉላት። በሁለተኛው ቀን «ዳቦ» አለች። ዛሬ እሷም ወልዳለች። ስትደውልልኝ ግን እስካሁን ሰላምታዋን ሳልመልስ በፊት ትንፋሿን ነው የማዳምጠው።

ያኔ ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሙ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አሳይቶኝ አንድ ነገር ጨመረ። «ይሄ በሽታ በዘር ይሄዳል። በጊዜ ካደረሳችኋት ግን አይገድላትም።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንመለስ አማቴ ይረግሙኛል ብዬ ነበር። ልጄን ከጀርባዬ አወረዷት፤ ጆሯቸውን ደረቷ ላይ ለጥፈው ብዙ ቆዩ።

አንድ ረፋድ ላይ ግድግዳው ሥር ፀሐይ ስንሞቅ፣ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ከባሌ በፊት ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ሁለቱም እንዲሁ እያፏጩ እቅፋቸው ላይ ሞተዋል።

«ሰዎች እንጥላቸውን ባታስቆርጪ ነው የሞቱት አሉኝ» አሉ። «ሦስተኛውን፣ ያንቺን ባል፣ አስቆረጥኩት። እሱ ተረፈልኝ። ታዲያ ምን ልመን ልጄ?»

ፊታቸውን ወደ ተራራው አዞሩ፤ ድምፃቸው ቀነሰ።

«እነዚያንም ደሴ ባደርሳቸው ኖሮ ይድኑልኝ ነበር?»

«አይ እማ» አልኩ። «የነሱ ሌላ በሽታ ነው።»

«ዶክተሩ ነው ያለሽ?»

«አዎ፣ እሱ ነው ያለኝ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ሻሻቸውንም ወደ ዓይናቸው ጎተት አደረጉት። ልጄ ጭናቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። እጃቸውን ደረቷ ላይ እንዳሳረፉ፣ ፀሐዩ ከግድግዳው እስኪዞር ከዚያ አልተነሱም።