ሦስት መቶ ምን?

ባለፈው ሳምንት ቃሊቲ አንድ ጎሚስታ ዘንድ የልጄን መኪና ጎማ ልናስነፋ ቆምን። ጎሚስታው «ስንት ልሙላው?» ሲል ልጄ «ሠላሳ ሁለት» አለው። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ «ሠላሳ ሁለት ምን?» አልኩ። ሁለቱም ሳቁብኝ።

«ማዘር ደግሞ፣ ፒኤስአይ ነዋ» አለኝ ጎሚስታው።

ይሳቁ፣ ግድ የለም። ይህን ጥያቄ የወረስኩት ከአባቴ ነው፤ ሌላ ያወረሰኝ ነገርም የለም።

አባዬ ዕድሜውን የጨረሰው አቃቂ፣ አንድ ፋብሪካ ቦይለር ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ አንዱ የግፊት መለኪያ በባር፣ ሌላው በፒኤስአይ ይቆጥራል። አንድ ባር አሥራ አራት ተኩል ፒኤስአይ ስለሆነ ሁለቱን ያምታታ ሰው ጉድ ይፈላበታል። ስለዚህ አባዬ ቤት ውስጥ እንኳ ደረቅ ቁጥር አይወድም። ከትምህርት ቤት መጥቼ «ዘጠና አገኘሁ» ስለው «ዘጠና ምን? ብርቱካን?» ይለኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ ያበሽቀኝ ነበር።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ ሳንባው ከዳው። ሐኪሞቹ ኦክስጅን ከአጠገቡ እንዳይጠፋ ብለው ወደ ቤት ሰደዱን። የመጀመሪያው ሲሊንደር ሲመጣ የግፊት መለኪያው መርፌ መቶ ሃምሳ ላይ ነበር። እሱ ሲያልቅ ወንድሜ ደረጄ ሌላ ከነመለኪያው አስሞልቶ አመጣ፤ ከፍተን ስናየው አምስት መቶ ይላል።

«አምስት መቶ! በሽ በሽ ነው» አለ ደረጄ። እናቴ አማተበች። እኔም እፎይ አልኩ። አባዬ እንቅልፍ ወስዶት ስለነበር «ምን?» ብሎ የሚጠይቀን አልነበረም።

ክረምት ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ከሰዓት በኋላ መርፌውን ሳየው ሦስት መቶ ላይ ወርዷል። እንዴት እንዲህ ቶሎ? ጎንበስ ብዬ ከመርፌው ሥር ያሉትን ደቃቅ ፊደላት አነበብኩ። የመጀመሪያው በባር ነበር፤ ይኼኛው ፒኤስአይ ነው። ሦስት መቶን ለአሥራ አራት ተኩል አካፈልኩ። ሃያ ባር ብቻ። ድሮውንም ሙሉ አልነበረም፣ እኛ ግን ጠግቦ የመጣ መስሎን ስንደሰት ውለናል።

ደረጄን በር ላይ ጠርቼ በሹክሹክታ ነገርኩት። እሱ በዝናቡ ሮጠ፤ እናቴም ኦክስጅን የሚሞሉትን ሰዎች እለምናለሁ ብላ ነጠላዋን እየጎተተች ተከተለችው። የቃሊቲ መንገድ እንደ ልማዱ በከባድ መኪና ተዘግቷል። ያኔ ሞባይል የለም፤ የት ደረሱ ብዬ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። እኔና አባዬ ብቻ ቀረን።

ነቃ። ከመንገዱ ማዶ፣ ሸራ ሥር የሚጠበሰው እሸት በቆሎ ሽታ በመስኮት ይገባል።

«ስንት ይላል?» አለኝ።

መርፌውን አየሁት። መዋሸት አልቻልኩም፣ እውነቱን መናገርም አልቻልኩም።

«ሦስት መቶ፣ አባዬ።»

«ሦስት መቶ ምን?» እስኪለኝ ጠበቅሁ። ቢለኝ እፈርስ ነበር። እሱ ግን ፊቴን ብቻ ትክ ብሎ አየ።

«ጥሩ ነው» አለ። ወደ መስኮቱ ዞር ብሎ፣ «ሂጂና በቆሎ ገዝተሽ ብዪ። ስትመጪ ትነግሪኛለሽ፣ መጣፈጡን።»

«አልራበኝም።»

«ሂጂ እንጂ የኔ ልጅ፣ እዚህ አትቀመጪ።»

አልሄድኩም። እጁን ይዤ ተቀመጥኩ፤ መርፌው ሲወርድ እያየሁ እግዚአብሔርን፣ ዝናቡን፣ የቃሊቲን መንገድ ሁሉ ለመንኩ። ደረጄ ሲሊንደሩን ተሸክሞ፣ ውሃ እያንጠባጠበ ሲገባ የአባዬ እጅ በእጄ ውስጥ ቀዝቅዞ ነበር። «ሙሉ ነው፣ አሁን በባር አይቼዋለሁ» እያለ ነበር የገባው።

ልጄ ዛሬም «እማዬ፣ አንቺና ምንሽ» እያለ ያሾፍብኛል። ያሹፍ። አያቱ ቦይለር ክፍል ያረጀ ሰው ነው፤ መርፌ የሚያነበው ከፊቴ ላይም ጭምር ነበር። በሕይወቱ ሙሉ «ምን?» ብሎ ያልጠየቀኝ ያን ቀን ብቻ ነው።