ፊልሙ ውስጥ ያልነበረው ማንኳኳት

ይህን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ብዙ ኃጢአት ዘርዝሬያለሁ፤ ይኼ ግን ምላሴ ጫፍ ድረስ መጥቶ ይመለሳል። አንተ የምታነበው ሰው ፊቴን ስለማታይ ላንተ መናገር ይቀለኛል።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ እወቅ። ታደሰ እባላለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ እንግሊዝኛ የተማርኩ ሰው ነኝ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግን ስለነበር፣ ከዕቃው ጋር ከሚመጣ መመሪያና ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነው የተማርኩት። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ቪዲዮ ቤት በነበረ ጊዜ ከፊት ቆሜ ፊልሙን ጮክ ብዬ የምተረጉመው እኔ ነበርኩ። ሰው ለተዋናዩ የሚመጣ እንዳይመስልህ፤ ለእኔ ነው። "ዛሬ ታደሰ ነው የሚተረጉመው?" ብሎ ሳይጠይቅ የሚገባ አልነበረም። ያልገባኝን ከራሴ እሞላለሁ። የሞላሁት ከዋናው ያምር ነበር፤ ይህን ዛሬም አልክድም።

እትዬ ዘነቡ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ጎረቤቴ ነበሩ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ስንገባም ዕጣው አንድ ፎቅ ላይ ጣለን። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ከቤት አይወጡም። አንዲት ልጃቸው ሰላማዊት ሰንጋ ተራ ትኖራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ትመጣለች። አንድ ቀን በፍላሽ ተከታታይ ፊልም ይዛ መጣች።

"ጋሼ፣ በዓለም ላይ ከታዩት ተከታታይ ፊልሞች ሁሉ ተመልካች ከፍተኛውን ነጥብ የሰጠው ይኼ ነው" አለችኝ። "ከእርስዎ በቀር ለእማዬ ማን ይተረጉምላታል?"

እውነቷን ነው። ማን ይተረጉማል?

በየቀኑ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እትዬ ቤት ገብቼ በሩን ከውስጥ እቀረቅራለሁ፤ የእትዬን ስልክ ድምፁን አጠፋለሁ። ፊልም ሲታይ ስልክ አይጮህም፤ የቪዲዮ ቤት ሕጌ ነው። ግን ልናዘዝ ከተነሳሁ አይቀር፣ ያ በዓለም አንደኛ የተባለ ፊልም አልገባኝም። ሰዎቹ ቁጭ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ። ከሦስት ቃል አንዱን ብይዝ ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት ፈጠርኩ። ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ዓይኗ የማያይ እናት። ፊልሙ ውስጥ እንዲህ ያለች ሴት በጭራሽ የለችም። እትዬ ዘነቡ ግን ከሁሉም እሷን ወደዱ። ገና ሳንጀምር "ያቺ ሴትዮ ዛሬ አለች?" ይሉኛል።

አንድ ቅዳሜ ሰላማዊት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይታ ትርጉሜን ሰማች። አንድ የታመመ ሰውዬ አልጋ ላይ ሆኖ ሲናገር፣ "ሞት ሆይ ቀስ ብለህ ና፤ ያልታረቅኳቸው ሰዎች አሉኝ" ብዬ ተረጎምኩ። ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች።

"ኧረ ጋሼ! ሰውዬው እኮ ውሃ ስጡኝ ነው ያለው!"

እትዬም ሳቁ። "አይ ታደሰ! ጠብታ ውሃ እንኳ ሳትሰጠው ልትገድለው ነው?"

እኔም አብሬ ሳቅኩ። ውስጤ ግን ቆሰለ። በዚያ ላይ ሰላማዊት ከበዓል በኋላ እናቷን ወደ ራሷ ቤት እንደምትወስድ ነገረችኝ። በዚህ ዓለም ላይ የቀሩኝን አንዲት አድማጭ ልትወስድብኝ ነው።

ከሰኞ ጀምሮ ለዚያች ሻሽ ላሰረችው እናት ልጅ ፈጠርኩላት። አፏ ማር የሆነ፣ እናቷን አባብላ ወስዳ ጓዳ የምትዘጋባት፣ ሰላም ሊላት ለመጣ ሰው እንኳ በሩን የማትከፍት ልጅ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እጨምራለሁ። እትዬ ዘነቡ ከሳቅ ወደ ዝምታ ሄዱ። ይህን ሳላይ ቀርቼ ነው? አይቻለሁ። ደስም ብሎኛል።

ሐሙስ ዕለት እንደ ልማዴ በርጩማው ላይ ልቀመጥ ስል እጃቸውን አነሱ።

"እዚያ አትቀመጥ። እሷ ተቀምጣለች።"

"ማን?"

"ጥቁር ሻሽ ያሰረችው። ሰሞኑን ካንተ ቀድማ ነው የምትመጣው።"

ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ክፍሉን ሞልታዋለች፤ በርጩማው ባዶ ነው። በእጄ ዳበስኩት። ሰው አሁን እንደተነሳበት ይሞቃል። እዚያ ጥግ ደግሞ ፀሐይ አይደርስም።

"ምን ትላለች?" አልኩ።

"ልጄ አልበደለችኝም ነው የምትለው። ልጇን ለምን ክፉ እንደምታደርግባት ግራ ገብቷታል። ይኸው፣ አንተን እያየችህ ነው።"

ያኔ እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት? እንዲህ ያለች ሴት የለችም፣ እኔ ነኝ የፈጠርኳት ብል ምን እሆን ነበር? እኔ ግን "ፊልሙ ገና አላለቀም፤ መጨረሻውን ሳታውቅ ነው የምታወራው" አልኩ። ቆሜ ተረጎምኩ።

በማግስቱ ሳይሆን በሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሰላማዊት ጠዋት አልመጣችም። ፊልሙን ጀምረን ሳለ በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ዘነቡ ቀና አሉ። "ሰላሜ ናት?"

እኔም "አይደለችም፤ ፊልሙ ውስጥ ነው የሚንኳኳው" አልኳቸው።

"ድምፁ እኮ ከበሩ በኩል ነው።"

"የዘንድሮ ድምፅ ማጉያ እንዲህ ነው እትዬ፤ ከየአቅጣጫው ያሰማል። እኔ ነኝ የማውቀው።"

እንደገና ተንኳኳ። ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረግኩት። ማያው ላይ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ይበላሉ፤ በር እንኳ አይታይም። ቆይቶ የሴት ጫማ ድምፅ ደረጃውን ወረደ። ፊልሙ ውስጥ ነው የሚንኳኳው ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ማክሰኞ እትዬ ዘነቡ አረፉ።

ያንን ክፍል ስንት ጊዜ ደግሜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። ሁለቱ ሰዎች ይበላሉ። ያኔ በር አልተንኳኳበትም፤ አሁን ግን እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ይንኳኳል። ተነስቼ በሬን እከፍታለሁ፤ ኮሪደሩ ባዶ ነው። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨርሼ አጠፋዋለሁ። ያኔም ይንኳኳል።

አርባቸው ልደታ ማርያም ሲወጣ ሰላማዊት ወደ ጎን ወሰደችኝ።

"ጋሼ፣ የዚያን ቅዳሜ በሩን አንኳኩቼ ነበር። እማዬ ቴሌቪዥኑን ከፍ ስታደርገው ሰማኋት። ምን አድርጌያት ነው?"

ይህን የጠየቀችኝ በአማርኛ ነው። አንድ ቃል አላመለጠኝም። እኔ ግን "የዚያን ቀን እኔ አልነበርኩም" አልኳት። እሷም እናቷን ስላጫወትኩላት አመስግና ትከሻዬን ሳመችኝ።

ሰላማዊት፣ ይህን ወረቀት ነገ ራሴ ሰንጋ ተራ ድረስ አመጣልሻለሁ። ይቅር በይኝ አልልም፤ ብትይኝም አልቀበልም። ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከላይ ስጽፍም አንድ ነገር ዘልያለሁ። እናትሽ አላመኑኝም ነበር። "ሰላሜ ናት፤ የልጄን እጅ አውቀዋለሁ" እያሉ፣ ግድግዳውን እየዳበሱ እስከ በሩ ሄደው መቀርቀሪያውን ይዘው ነበር። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ።