ከሞጣ የተመረቅሁት ከፋይ

እኔ ሰው የማላምነው ክፉ ሆኜ አይደለም፤ ራሴን ስለማውቅ ነው።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ጉልበቴ ገና ሳይከዳኝ፣ ቢቸና ገበያ ዳር በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበርሁ። ከዚያ በፊት ቅኔ ቤት ገብቼ ነበር። መምህሬ ጥቂት ታግሠውኝ፣ ሰሙን እንደማቀልጥ፣ ወርቁን ግን እንደማላፈስ በፍቅር ነግረው አሰናበቱኝ። ይዤው የወጣሁት ነገር ቢኖር፣ ሰው "እንደምን አደርህ" ሲለኝ ሁለተኛ ትርጉም መፈለግ ነው። መርፌ ከያዝሁ በኋላም አልለቀቀኝም። ደንበኛ "ሰፋ አድርገህ ስፋልኝ" ሲለኝ፣ ሊወፍር አስቦ ነው ወይስ እያሾፈብኝ ነው እያልሁ ስብሰለሰል እውላለሁ።

አቡጀዲና ካኪ የማስመጣው ከሞጣ ነበር። እዚያ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሐጂ ነበሩ። ሱቃቸው ግድግዳ ላይ ሜትር ተሰቅሏል፤ ግን ለጌጥ ነው። እሳቸው የሚለኩት በገዛ ክንዳቸው ነበር፤ በክንዳቸው ላይ የሚከራከር ሰውም አላየሁም። የለኩትን ጠቅልለው በሲባጎ ያስራሉ፤ ጥቅሉ ግንደወይን የሚወርድ ከሆነ አንድ ቋጠሮ፣ እስከ ቢቸና የሚመጣ ከሆነ ሁለት ቋጠሮ ያደርጉበታል። ሌላ ምልክት የለም።

ዕቃውን የሚያደርስልን አንድ ባለ አጋሰስ ነበር። በበጋ የጭነት መኪና ብቅ ማለቱ አልቀረም፤ እኛ ግን መኪናውንም ሾፌሩንም አናምንም፤ የምናምነው እሱን ነበር። በዕድሜ ታላቄ ስለሆነ "አያ" እለዋለሁ። ጥቅል ፈትቶ አይቶ አያውቅም። ቋጠሮውን በጣቱ ዳሰስ አድርጎ የሚወርድበት ቦታ ያወርደዋል፣ በቃ። የቃል መልእክትም ያደርሳል፤ ሲያደርስ የላኪውን ሳል እንኳ አያስቀርም።

ያን ዓመት ሠርጌ ለጥር ተቆርጦ ነበር። ለሙሽራ ልብስ፣ ለሚዜ ልብስ እያልሁ አቡጀዲ ሳዝዝ፣ ለባለ አጋሰሱ አንድ ቃል ጨመርሁለት። "ሐጂን፣ ሠርጉ ደርሷልና ይመርቁኝ ብሏል በልልኝ" አልሁት።

እዚህ ላይ ተንኮሌን ልግለጠው። በእኛ ገበያ ሻጭ ሰፍሮ ወይ ለክቶ ሲጨርስ ገዢው "መርቅልኝ እንጂ" ይላል። ጤፍ ከሆነ እፍኝ፣ ጨርቅ ከሆነ ስንዝር ጣል ይደረግለታል። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ "ውለዱ ክበዱ" ሲልም መረቀ ነው የሚባለው። እኔ ሁለቱንም አስቤ ነው የላክሁት። ሐጂ አንደኛውን ከሰሙ ምርቃት አገኛለሁ፤ ሌላውን ከሰሙ ስንዝር አቡጀዲ አገኛለሁ። ከቅኔ ቤት የተባረረ ሰው በሽንፈቱ እንዲህ ይጫወታል።

ባለ አጋሰሱ ተመልሶ መጣ፤ ጥቅሎቼን አወረደ፤ ጉሮሮውን እንደ ሐጂ ጠረገና "መርቄዋለሁ በለው፣ ብለዋል" አለኝ። ወዲያው አጋሰሶቹን እየነዳ ሄደ።

ሲባጎ ቆርጦ መጣል ልቤ አይችልም። ቋጠሮውን ሳልፈታ አንሸራትቼ አወጣሁትና አቡጀዲውን ዘረጋሁ። ከመሃሉ ያላዘዝሁት ጨርቅ ተጠቅልሎ ወጣ፤ ወይን ጠጅ ከፋይ። ጣት ሲያልፍበት መንገዱ የሚቀር፣ በመዳፍ መልሰው ሲያብሱት የሚጠፋ ዓይነት። በረንዳዬ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተዘርግቶ አያውቅም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን በሩን ዘጋሁ።

ስንዝር አቡጀዲ ቢሆን ገብቶኝ ነበር። ለካባ የሚበቃ ከፋይ ማን ይመርቃል? ሐጂ ከሌላ ነጋዴ እንዳልገዛ በጨርቅ ሊያስሩኝ ይሆን? ሊፈትኑኝስ ቢሆን? ወይስ ባለ አጋሰሱ የማይሆን ዕቃ ይዞ እኔ ዘንድ ሊደብቅ ነው? አማቶቼም ከሐጂ ጋር እንደሚተዋወቁ ትዝ አለኝ፤ የሙሽራውን ጠባይ ሊሰልሉ ይችላሉ። ስሙ ራሱ ከፋይ ነው፤ ለእኔ ግን አስከፋይ መሰለኝ። ለሐጂ ልመልስ ብል፣ እውነት መርቀውኝ ከሆነ ስጦታቸውን ፊታቸው ላይ መወርወር ነው። ልቁረጠው ብል፣ ተሳስተው ከሆነ የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም። ስለዚህ አልመለስሁም፣ አልቆረጥሁምም፤ ጠረጠርሁት። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከሳጥኔ እያወጣሁ እጠረጥረዋለሁ። አንዳንዴ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ነው የምጠረጥረው፤ በተለይ መስተዋት ፊት።

የነፍስ አባቴን የሰው ጉዳይ አስመስዬ አማከርኋቸው። አንድ ሰው ያላዘዘው ዕቃ ከሻጭ ቢመጣለት፣ ሻጩም መርቄዋለሁ ብሎ ቢልክበት፣ ዕቃው የማን ነው አልኋቸው። ጺማቸውን ይዘው፣ "ይኸ ሰው መቼ ነው የሚያገባው?" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ሰላም ሲሉኝ ሳጥኔን የሚያዩ እየመሰለኝ መንገድ ለወጥሁባቸው።

በመጨረሻ ከፋዩን እንደ መጣ በአቡጀዲው ውስጥ ጠቀለልሁት፤ ያንኑ ሲባጎ ከነቋጠሮው መልሼ አጠለቅሁበት። ጠያቂ ቢመጣ "እንደ መጣ ነው ያለው" ለማለት ነው። ይህን ያደረግሁት ከጨዋነት ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ከፍርሃት ነው።

ባለ አጋሰሱ ገበያ መምጣቱን ተወ። ከሰነበተ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በረንዳዬ ላይ መጣ፤ አጋሰሶቹ ጀርባ ላይ ምንም የለም። ተቀመጥ አልሁት። አልተቀመጠም።

"ዋስ ሁነኝ" አለኝ።

"ምን አጥፍተህ ነው፣ አያ?"

ነገሩን ረጋ ብሎ ነገረኝ። የግንደወይን ደብር ሰዎች ለጥምቀት፣ ለታቦቱ ድባብ የሚሆን ከፋይ ከሐጂ ገዝተው በእሱ አስጭነው ነበር። እሱ ጥቅሉን አወረደላቸው፤ ሲፈቱት አቡጀዲ ብቻ ሆነ። ሐጂ በገዛ እጄ ነው የጠቀለልሁት ብለው ማሉ። የደብሩ ሰዎች የታቦት ልብስ በላ አሉት። አሁን ከሞጣ እስከ ቢቸና ጥቅል የሚያስጭነው የለም፤ ሐጂም ዋስ እስኪጠራ ከደጃቸው አባረውታል። ልጆቹ ሳይቀሩ ውኃ ሲቀዱ ይሰደባሉ።

"አንተ ታውቀኛለህ" አለኝ። "ጥቅል ስፈታ አይተኸኛል?"

ያን ጊዜ እንኳ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ጠረጠርሁት። ዐውቆ መጥቶ ሊያጠምደኝ ይሆን? ዓይኑ ወደ ሳጥኑ ሄዷል? ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ በሳጥኔ ውስጥ ላለ ጨርቅ እኔው ዋስ ልሆን ነው! ዋስም፣ ማስረጃም፣ ተጠርጣሪም አንድ ሰው ሲሆን ዳኛው ምን ሥራ አለው? ታቦቱ የሚጠለልበትን ከፋይ ለብሼ ከሚዜዎቼ ጋር ስጨፍርም ታየኝ፤ ላብ አጠመቀኝ።

ሳጥኑን ከፍቼ ጥቅሉን ፊቱ አኖርሁት፤ ጫፉን ገለጥ አድርጌ ወይን ጠጁን አሳየሁት።

ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ፊቱ ግን ጭራሽ ጠቆረ።

"ይኸን ቆልፈህበት ነው እኔን ዝም ያልኸኝ?"

ሐጂ እኮ መርቄዋለሁ ብለዋል፣ ያመጣኸውም አንተው ነህ አልሁት።

"ቃል ነው ያመጣሁልህ። ጨርቅ መርቀውልሃል አልሁህ?"

ጥቅሉን ውሰድና መልስላቸው ስለው እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። እሱ ይዞት ቢሄድ፣ ሲጨንቀው ከደበቀበት አወጣው ነው የሚሉት። ስለዚህ ራሴ ሄጄ፣ በሐጂ ሱቅ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው እየሰማ እንድናገር ጠየቀኝ። ሠርጌ ደርሷል፣ ጣጣዬ ብዙ ነው ብዬ ለመንሁት።

"የኔም ሠርግ ነው፣ ሙሽራው" አለኝ። "ስሜን እንደገና የማገባበት።"

እንዲህ አድርገን ሞጣ ወጣን። መንገዱን ሁሉ ጥቅሉን የተሸከምሁት እኔ ነኝ። አጋሰሶቹ ባዶ ጀርባቸውን ይዘው ፊት ፊት ይሄዳሉ፤ እኔ እንደ አጋሰስ ጭኜ እከተላለሁ። አንዷ ላይ ልጫነው ብል አልፈቀደም፤ ይህ ዕቃ ሁለተኛ የእሱን ከብት እንዳይነካ ብሏል። ቁልቁለት ላይ ስንገዳገድ እንኳ ዞር ብሎ የሚያየው እኔን ሳይሆን ጥቅሉን ነው፤ ወንዝ ውስጥ እጥለው ይሆን ብሎ ይጠረጥራል። እኔ ደግሞ ሞጣ ስንደርስ ይክደኝ ይሆን እያልሁ እሱን እጠረጥራለሁ። ያን ያህል መንገድ አብረን ሄደን የተናገርነው ቃል ለአንድ ቅኔ አይበቃም።

ግንደወይን ስንደርስ ይባስ አለ። እሱ ርቆ ቀደመ፤ የማያውቀኝ መንገደኛ ሆነ። እኔ ጥቅሉን ከጋቢዬ ሥር አድርጌ በዳር በዳር አለፍሁ። ጋቢዬ ፊት ለፊት አብጧል። አንዲት ሴት "ይኸ ሰውዬ ምን በልቶ ነው?" ስትል ሰማኋት። ሁለተኛ ትርጉም ይኖረው ይሆን እያልሁ እስከ ከተማው ጫፍ ሮጥሁ።

ሞጣ ገበያው ሞልቶ ነበር። ከገዢዎቹ መካከል ከግንደወይን ደብር የመጡ ሁለት ሰዎች በሐጂ ሱቅ ደጅ ላይ ተቀምጠዋል፤ ባለ አጋሰሱን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ሐጂ ባንኮኒያቸው ላይ እንዳሉ ጥቅሉን ፊታቸው አስቀምጬ ገለጥሁት። ከፋዩን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። አስተያየታቸው የምርቃት አልነበረም።

እስከ ዛሬ የት ነበር አሉኝ። ሳጥኔ ውስጥ አልሁ። ለምን አልላክኸውም አሉኝ።

"ሐጂ፣ እርስዎ መርቄዋለሁ ብለው ልከውብኝ የለም?" አልሁ።

ሐጂ ክንዳቸውን እስከ ጣታቸው ጫፍ ዘርግተው አሳዩኝ።

"ልጄ፣ እኔ የመረቅሁህ በአፌ ነው እንጂ በክንዴ አይደለም።"

ደጁ በሳቅ አውካካ። ከግንደወይን የመጡት ሁለቱ ብቻ አልሳቁም። አንደኛው፣ ሌባና ተቀባይ አብረው መጡ አለ፤ ለመሰማት ባይፈልግም ሁላችንም ሰማነው። ባለ አጋሰሱ ከበሩ ውጭ ቆሟል፤ ወደ ውስጥ አልገባም። ገበያተኛውን ሳይሆን መሬቱን ነበር የሚያየው። ሰው ስሙ በሰው እጅ ሲሆን እንዲያ እንደሚቆም ያን ቀን አየሁ።

ሐጂ ግን ዓይናቸው ሲባጎው ላይ ቀርቶ ነበር። አነሱት። ቋጠሮውን ዳሰሱት፤ አንድ፣ ሁለት። እንደገና ዳሰሱት። ፈትተኸው ነበር ወይ አሉኝ። ሲባጎ ቆጥቤ፣ ሳልፈታ አንሸራትቼ እንዳወጣሁት፣ ፈርቼም እንደነበረ እንደመለስሁት ነገርኋቸው። እንደ ሐጂ የሚቋጥር ሰው በአገሩ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፤ ሲቋጥሩ ጫፉን ወደ ውስጥ ይቀብሩታል። የደብሩ ሰዎችም ተነሥተው መጥተው አዩት።

ሐጂ ሲባጎውን በመዳፋቸው ጨበጡት። ይኸ ከሁሉም አስፈራኝ፤ ሲባጎውን ኪሳቸው ቢከቱት ማንም የሚከራከራቸው አልነበረም። ከዚያ ከባንኮኒያቸው ኋላ ወጥተው ደጁ ድረስ ሄዱና፣ ሲባጎውን ለባለ አጋሰሱ ሰጡት።

"ቋጠሮው የእኔ ነው፤ ተሳስቼ ለግንደወይኑ ሁለት፣ ለቢቸናው አንድ ቋጥሬያለሁ" አሉት ገበያው እየሰማ። "አንተ ቋጠሮዬን አምነህ አደረስህ። እኔ ግን አንተን አላመንሁህም። ይቅር በለኝ።"

ባለ አጋሰሱ ሲባጎውን ተቀብሎ ጣቱ ላይ ጠመጠመው። ይቅር ለእግዜር አለ። ያን ጊዜ ነው ወደ ሱቁ የገባው።

ከፋዩን ለግንደወይን ሰዎች እሱ ራሱ ጫነላቸው፤ እነሱም አጋሰሱን ያዙለት። እኔን ማንም ሌባ አላለኝም፤ ማንም አመሰገነኝም አልልም። ሐጂ ወደ ውስጥ ጠርተው አቡጀዲ ለኩልኝ፤ ሲጨርሱ አንድ ስንዝር ጣል አደረጉልኝና፣ ይኸኛው በክንድ ነው አሉኝ። ይህስ ምን ለማለት ይሆን እያልሁ ቢቸና ገባሁ።

ሠርጌ በካኪ ኮትና በአቡጀዲ ሸሚዝ አለፈ። የነፍስ አባቴ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ዓይናቸው ሳቁ።

ባለ አጋሰሱ ከዚያ በኋላ ዕቃዬን ማምጣቱን አላቋረጠም፤ ግን ልማዱን ለወጠ። ጥቅል ሲያወርድልኝ ዝም አይልም፤ እንደ ሕፃን ያስቆጥረኛል። ይኸ አቡጀዲ ነው፣ ይኸ ካኪ ነው፣ ይኸ ክር ነው ይለኛል። ከዚያ እንደ ሐጂ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

"ሐጂ መርቀውሃል" ይላል፤ ሁለት ባዶ መዳፉን ዘርግቶ እያገላበጠ ያሳየኛል።