በታቦት እርምጃ የምትሄደው ፒካፕ

ቢቸና፣ ጋሽ ይበልጣል ጋራዥ ሥራ የጀመርሁ ዕለት መጀመሪያ የሰማሁት ትእዛዝ «ቀለበትሽን አውልቂ» የሚል ነበር። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ገና መውጣቴ፣ መታጨቴም ስለነበር ቅር አለኝ። ጋሽ ይበልጣል የጋራዡ ባለቤትም የኤሌክትሪክ ሥራው አለቃም ነበሩ። «ቀለበትሽ ባትሪውንና የመኪናውን ብረት አንድ ላይ ከነካ ጣትሽን ይዞ ነው የሚግለው። እጮኛሽ ከተቆጣ እኔ አስታርቃችኋለሁ» አሉኝ።

በዚያ ቤት ማዕረጉ ሦስት ነው፤ አጣቢ፣ ረዳት፣ ባለሙያ። አጣቢ ማለት የባትሪ ጫፍ ላይ የሚወጣውን ነጭ ዝገት በሙቅ ውሃና በብሩሽ የሚያጥብ ነው። ስምንት ወር አጠብሁ። እያጠብሁ መጠየቅ አልተውም፤ ይሄ ሽቦ ለምን ይሞቃል፣ ያኛው ለምን ወፈረ። ጋሽ ይበልጣል ሲሰለቻቸው «አንቺ ልጅ፣ የመጣሽው ለሥራ ነው ለምርመራ?» ይሉኝ ነበር።

ባለሙያ ከሆንሁ በኋላ ባሌን ተከትዬ ሞጣ ገባሁና የራሴን ቤት ከፈትሁ። ሴት ባትሪ ስትሸከም ሊያዩ የሚመጡ ነበሩ። አይተው አይተው ሲበቃቸው መኪናቸውን ይዘው መጡ።

ከደንበኞቼ አንዱ ስንሻው ነው። በአሮጌ ባለ አራት ጎማ ጉልበት ፒካፕ ከገጠር ድንችና እህል ያመላልሳል። ልጁ በጠና ታማ ሳለች «ከዳነችልኝ ዕድሜ ልኬን ጥምቀት በመጣ ቁጥር የታቦቱን ድምፅ ማጉያ በመኪናዬ እሸከማለሁ» ብሎ ተሳለ። ልጅቱ ዳነች። እሱም ሞንታርቦውን ፒካፑ ላይ አስሮ በየዓመቱ ከታቦቱ ፊት ይሄዳል።

አንድ ቀን ፊቱ ጠቁሮ መጣ። «እትዬ ጥሩ፣ በከተራው ባሕረ ጥምቀቱ ሳንደርስ ድምፁ ጠፋብኝ። ባትሪው አልቻለም። ትልቅ ግጠሚልኝ፣ የጭነት መኪና የሚሆን።»

የነበረው ባትሪ ሰባ አምፒር ሰዓት ነው፤ መቶ ሃምሳውን አመጣሁ። መቀመጫውን አሰፋሁ፣ ኬብሉን በወፍራም ቀየርሁ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ነዳጅ እንዲሰጥ አደረግሁና ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ለካሁ። ስልሳ አምስት አምፒር ያመነጫል። ማጉያውና መኪናዋ አንድ ላይ የሚበሉት አርባ ሁለት ነው። «ይተርፍሃል፣ ሂድ በሰላም» አልሁት። ሳይገድሉ ጎፈሬ ይሏል ይሄ ነው።

በሚቀጥለው ጥምቀት ከተራው በደህና አለፈ። እዚያው ባሕረ ጥምቀቱ ላይ ግን ሞተሩ ጠፍቶ ስብከቱም መዝሙሩም ከባትሪው ሲሳብ አደረ። በማግስቱ ሲመለሱ እኔ ነጠላዬን ለብሼ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ነበርሁ። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ሽታ መጣ። ዲናሞ ሲቃጠል ምን እንደሚሸት ከሕዝቡ መሃል የማውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ተንተባተበና ጠፋ። ጎልማሶች ፒካፑን ገፍተው ዳር አስያዙት፤ መዘምራኑ በራሳቸው ጉሮሮ ቀጠሉ። ስንሻው ኮፈኑ ላይ ተደግፎ ቀና አላለም። የዚያን ቀን ያፈርሁትን ያህል በሥራ ዘመኔ አፍሬ አላውቅም።

የበዓሉ ኮሚቴ ለከርሞ ሌላ መኪና እንዲፈለግ ወሰነ። ስንሻው ሲነግረኝ እኔን አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ ድናልኝ እኔ ስለቴን ሳጓድል ምን ይባላል?» አለ።

ኮሚቴው ውስጥ የቅኔ መምህሩ የኔታ ነበሩ። ሄጄ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የስንሻው አለመሆኑን ነገርኋቸው። «የት ላይ እንዳጠፋሽ ታውቂዋለሽ?» አሉኝ። «አላውቀውም፣ የኔታ። ለማወቅ ነው የመጣሁ» አልሁ። «እንግዲያ ፈልጊው። ከበዓሉ በፊት አሳዪን፤ ካሳመንሽን ስለቱ የሱ ነው» አሉ።

ሌላ ዲናሞ ገጠምሁ፤ መጠኑ ያው ነው፣ የሚበልጥ አላገኘሁም። መለካት ስጀምር ያኔ ያልጠየቅሁት ጥያቄ መጣልኝ። እኔ የለካሁት ሞተሩ ሲጮህ ነው። ታቦት ግን አይቸኩልም። ታዲያ መኪናዋ በዚያ እርምጃ ስትሄድ ዲናሞው ስንት ይሰጣል? መልሱ ጋራዥ ውስጥ የለም፤ በታቦት እርምጃ የሚሄድ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። የኔታን ለመንኋቸው፣ ሳቁና መቋሚያቸውን አነሡ።

ከከተማ ወጣ ብለን በቢቸና መንገድ ላይ የኔታ ከፊት፣ ፒካፑ ከኋላ ሆነን ጀመርን። የባትሪውን ኬብል አስረዝሜ በመስኮት አስገብቼ የአምፒር መለኪያ ቴስተሬን አስነክሼበታለሁ፤ ሞንታርቦው ያለ ሰሚ ይዘምራል። ያገኘን የሚኒባስ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ «የኔታ፣ መኪናዋ ንስሐ ገብታ ነው?» አለ። የኔታ ዞር ሳይሉ «የምትበላውን እየቆጠርንላት ነው፣ ልጄ» አሉት።

ቴስተሩ ቅነሳ አሥራ ስድስት ይላል። ዲናሞው ስልሳ አምስቱን ትቶ ሃያ ስድስት ብቻ ነው የሚሰጠው፤ የጎደለው ከባትሪው ይወጣል። ባትሪው በርሜል፣ ዲናሞው ቧንቧ ቢሆን፣ በርሜሉን አሳድጌ ቧንቧው ያው ቀጭን ነበር። ትልቁ በርሜል አድሮ ባዶ ሊሆን ሲቃረብ ደግሞ ዲናሞው ማጉያውንም ባትሪውንም ላጥግብ ብሎ፣ ቀስ ብሎ እየዞረ ራሱን ማቀዝቀዝም አቅቶት ተቃጠለ። ሲገባኝ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ጨነቀኝ፣ ምክንያቱን አወቅሁ እንጂ መፍትሔ አልያዝሁም።

«ሞተሩ ጠንከር ብሎ እየዞረ መኪናዋ ግን እንዳትሮጥ ማድረግ ቢቻል ኖሮ» አልሁ ለራሴ።

ስንሻው ገረመው። «እሱማ ይቻላል። ጭቃ ሲይዘኝ ይቺን ትንሿን ማንሻ ወደ ከባዱ ሳደርጋት ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ እንደ ኤሊ ነው የምትሄድ።»

«እና እስከ ዛሬ ለምን አልነገርኸኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?» አለ።

እውነቱን ነው። አስፋልት ላይ እንዲህ መሄድ ለመኪና ጥሩ አይደለም፤ የታቦቱ መንገድ ግን አፈርና ኮረኮንች ነው። ወደ መንገዱ አፈር ዳር ወጣን፤ ማንሻውን ለወጠና ቀጠልን። የኔታ ያንኑ እርምጃ ይራመዳሉ፤ ሞተሩ ከፍ አለ። ቴስተሩ ላይ አሥራ ስድስቱ አሥር ሆነ፣ አራት ሆነ፣ ዜሮ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ የቅነሳ ምልክቱ ጠፋና አንድ አለ። ዲናሞው አርባ ሦስት እየሰጠ ነው ማለት ነው። በጭንቅ ነው፣ ግን ይበቃል። መስኮቱን መትቼ «የኔታ፣ አገኘነው!» ብዬ ጮህሁ። እሳቸው ቆመው እስክንደርስባቸው ጠበቁን።

የኔታ ያዩትን ለኮሚቴው ነግረው ስለቱ ለስንሻው ጸና። መቶ ሃምሳውን አወረድሁት። ዲናሞው ሊያጠግበው የሚችል ዘጠና ገጠምሁና በቻርጀር ሞልቼ ሰጠሁት። ለስንሻው ሁለት ነገር አዘዝሁት፤ ሰልፉ ሲቆም ማርሹን አውጥቶ ነዳጁን ረገጥ አድርጎ እንዲይዝ፣ ባሕረ ጥምቀቱ ላይ ሲያድሩ ማጉያው ከአቅራቢያው ቤት የመብራት መስመር እንዲሳብለት።

በዚያ ጥምቀት ሴቶቹን ትቼ ከፒካፑ ጎን ሄድሁ፤ እጄን ኮፈኑ ላይ እየጣልሁ ሙቀቱን አዳምጣለሁ። ሽታ የለም። ዲናሞው የተቃጠለባት ቦታ ስንደርስ ስንሻው በመስኮት አየኝ። ድምፁ ታቦቱ ቅጥሩን አልፎ እስኪገባ ድረስ አንዴም ሳይቆራረጥ ዘለቀ። ስንሻው ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን እንደገና አዞረው፤ ባንድ ጊዜ ተነሳ። ልጁ ጎኑ ተቀምጣለች። «ለምን አስነሣኸው?» አለችው። «ዝም ብዬ ነው» አላት፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ትልቅ ባትሪ ግጠሚልኝ የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው የባትሪውን መጠን አይደለም። መኪናው ቀኑን እንዴት እንደሚውል ነው የምጠይቀው፤ ያንን የሚያውቀው ሾፌሩ ነው።