አምስት መቶ እስኪሞላ

ትናንት ጠዋት፣ ለቡ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከወር በፊት ነው። የአሮጌዋ መኪናዬ ካምቢዮ ማርሽ አልቀበልም ብሎ ሲያሰቃየኝ ከረመና ላፍቶ ላሉት መካኒኬ ለጋሽ ከድር ሰጠኋቸው። አውርደው፣ ፈታተው፣ ያለቀውን ሁሉ ቀይረው ገጠሙት። ቁልፉን ሲሰጡኝ አስጠነቀቁኝ።

«አምስት መቶ ኪሎ ሜትር እስኪሞላ እንዳትጋልብባት። ማርሽ ስትቀይር ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ርገጥ። እጅህን ማርሹ ላይ አታሳርፍ። አምስት መቶ ሲሞላ ዘይቱን እቀይርልሃለሁ።»

በማግስቱ የታችኛው ቤት ጎረቤቴ እማማ አስካለ ደረጃው ላይ ያዙኝ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ማክሰኞ ማክሰኞ የሚታከሙበት ቦታ ደግሞ እኔ ሥራ ስሄድ የማልፍበት መንገድ ላይ ነው።

«ልጄ፣ መኪናህ ተሠራች አሉ። ማክሰኞ ጠዋት ታደርሰኝ ይሆን?»

እውነቱን ልናገር... ጠዋት ጠዋት ብቻዬን ሙዚቃዬን ከፍቼ መሄድ እወዳለሁ። አንዴ እሺ ካልኩ የሕንፃው ሁሉ ሹፌር ሆኜ መቅረቴ ነው ብዬም ፈራሁ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«እማማ፣ ካምቢዮው ገና ነው። አምስት መቶ ኪሎ ሜትር እስኪሞላ ሰው እንዳትጭን ተብያለሁ።»

«ውይ፣ እንግዲያው ይሙላ። እጠብቃለሁ» አሉኝ።

ደግሞ ጠበቁ። ባገኙኝ ቁጥር «ስንት ደረሰልህ?» ይላሉ። እኔ ሁለት መቶ... ሁለት መቶ ሃምሳ... እያልኩ እጎትታለሁ። ማክሰኞ ጠዋት እዚሁ ለቡ መብራት ኃይል ታክሲ ሰልፍ ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው እያየኋቸው መስኮቴን ዘግቼ አልፌያለሁ። አንዴ ቢሆን ደህና። ሦስቴ ነው።

ትናንት ጋሽ ከድር ለሌላ ሥራ ሰፈራችን መጥተው በዚያው ብቅ አሉ። እማማ አስካለ በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጋሽ ከድር የመኪናዋን በር ከፍተው ቆጣሪውን አዩና ተቆጡ።

«ከገጠምኩልህ ወዲህ ስምንት መቶ አልፈሃል እኮ። ዘይቱ ውስጥ ይሄን ሁሉ የብረት ብናኝ ይዘህ ትዞራለህ? ምነው ዘይቱን ሳታስቀይር?»

እማማ ይህን ሲሰሙ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። ፊታቸው በርቷል።

«ሞላ ማለት ነው? አሁን ሰው መጫን ትችላለች?»

«ሰው መጫን ማን ከለከለ እማማ? ቀስ ብሎ ከነዳ አራት ሰው ቢጭንም ምንም አትሆን።»

ጋሽ ከድር ወደ እኔ ዞሩ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ነው። እማማም አዩኝ... ገባቸው።

«አይ፣ እኔው ነኝ በደንብ ያልሰማሁት። እሱማ ፍጥነት ተከልክያለሁ ነው ያለኝ» አሉ። ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ከሰዓት በራቸውን አንኳኩቼ «እማማ፣ ማክሰኞ እኔ ነኝ የማደርስዎት» አልኳቸው።

«ካምቢዮህ አይጎዳብህም?» አሉኝ።

የምራቸውን ይሁን አይሁን፣ ይኸው እስካሁን አላወቅኩም።