አልረጋ ያለው የአያ ይርሳው ዳሌ

ወንድሜ ይርሳው ዳሌው የወለቀው በይሉኝታ ነው። ሌላው ሰው ፈረስ ጥሎት፣ ከዛፍ ወድቆ ይጎዳል፤ የኔው ጉድ ግን ቄስ ሲገቡ ብድግ ብሎ ነው!

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አያ ይርሳው የአዘና ገበሬ ነው፤ ሰባ ሰባት ዓመቱ። በኛ ቀበሌ ሁለት ሰው ተጣልቶ እሱ ሳይጠራ የታረቀ የለም። በአገውኛ ይቆጣቸዋል፣ በአማርኛ ያባብላቸዋል፣ ጠበኞቹ ተቃቅፈው ይወጣሉ። የቤቱን ጣጣ ግን ለኔ ለታናሽ እህቱ ለማናለብሽ ነው የተወው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የምኖረው ከሱ ጋር ነው።

አምና ሐምሌ ጭቃ አዳልጦት ወደቀና የዳሌው አጥንት ተሰበረ። ባሕር ዳር ወስደነው ሰው ሠራሽ ዳሌ ገባለት። ሐኪሙ ዶክተር ጸጋአብ ሲሸኘን፣ “አባቴ፣ ዝቅ ያለ ነገር ላይ እንዳይቀመጡ። ጉልበትዎ ከዳሌዎ በላይ ከወጣ ይወልቃል፤ ጡንቻዎ ደክሟል” አለው። እኔም እንደገባን ለአናጺው ለኪዳኑ ነግሬ ከፍ ያለ ወንበር አሠራሁለት።

ተቀመጠበት ወይ? ቤት ውስጥ፣ አዎ። ታኅሣሥ ላይ ግን ለእርቅ ጠሩት። ወንበሩን አሸክሜ አብሬው ሄድኩ። ሽማግሌው ሁሉ ዱካ ላይ፣ ከመሬት ስንዝር ከፍ ብሎ ተቀምጧል። አያ ወንበሩን አየና ፊቱ ጠቆረ።

“ቄሱ ሲመጡ ከሳቸው በላይ ልቀመጥ? ምን ያለ ነውር ነው!”

“አያ፣ ተው!” ብል ማን ሰምቶኝ። ዱካው ላይ ዘጭ አለ። ወዲያው ቄስ ምስጋናው ገቡ። ሰው ሁሉ “ኖር!” ብሎ ሲነሣ፣ እሱ ከሁሉ ቀድሞ ከዚያ ከዝቅታው ተስፈንጥሮ ተነሣ። ቋ! አለ፤ ቤቱ ሙሉ ሰማው። ቄሱ “በእግዜር” ብለው ሳይጨርሱ እሱ መሬት ላይ ነበር። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ!

ሐኪም ቤት ወስደነው መለሱለት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን አልጋው ላይ ሲገላበጥ እንደገና ወለቀ። ያን ጊዜ ዶክተር ጸጋአብ ለብቻዬ ጠራኝና እቅጩን ነገረኝ። ዳሌው መውለቅ ለምዷል፤ በዚሁ ከቀጠለ አያ ከአልጋ አይነሣም። የቀረው አንድ መንገድ ነው፣ ሌላ ዓይነት ዳሌ መቀየር። ያ አገር የሚያስታርቅ ሰው አልጋ ላይ ሊቀር!

ዶክተሩ ናሙናውን ከመሳቢያው አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ትንሽ ኳስ በትልቅ ኳስ ውስጥ ትሽከረከራለች፤ ትልቋ ደግሞ አጥንቱ ላይ በሚተከል የብረት ጎድጓዳ ውስጥ ትዞራለች።

“የትንሿ መዞሪያ ሲያልቅ ትልቋ ትቀጥላለች። ትልቅ ስለሆነች ደግሞ በቀላሉ ከቦታዋ አትወጣም። ከቶ አይወልቅም ብዬ አልምልልዎትም፤ ከዚህ የተሻለ ግን የለኝም” አለኝ።

እግዚኦ! ዕድሜዬን ሙሉ ድንች ስቆፍር የኖርኩ ሴት፣ ያንን ነገር በጣቴ አዞርኩት፣ አዞርኩት፤ ሳልጠግበው ዶክተሩ ተቀበለኝ። ይህን ያሰበ ሰው ምን በልቶ ያድር ይሆን?

ዳሌውን ሲቀይሩለት ከወገቡ በታች ብቻ ነው ያደነዘዙት። አያ ነቅቶ ነበር።

“መዶሻ ሰማሁ፣ ማናለብሽ! በገዛ አጥንቴ ላይ! ቅንጣት አላመመኝም። ዳዊት እደግም ነበር፤ ኋላ መድገሙን ትቼ እነሱን ሳዳምጥ ቀረሁ” አለኝ። ዓይኑ እንደ ሕፃን ዓይን ፈጥጦ ነበር። እኔም ስሰማው አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ቤት ከገባን በኋላ ሁለት ወር በብብቱ ይዤ አስኬድኩት። ከክብደቱ ይልቅ ፍርሃቱ ነው የገደለኝ፤ በየእርምጃው፣ አሁን ወለቀ፣ አሁን ወለቀ እያልኩ። በመጋቢት አንድ እሑድ፣ ግቢው መሃል ስንደርስ ቆመና፣ “እስቲ ልቀቂኝ” አለኝ።

“አብደሃል?”

“ልቀቂኝ አልኩሽ!”

ለቀቅኩት። አንድ ተራመደ፤ ሁለት ተራመደ። በሩን በገዛ እጁ ከፈተ። መንገዱ ላይ ወጣ፤ የጎረቤት ሰው ሲያየው እልል አለ። አያ ዞሮ፣ “ነይ እንጂ፣ ምን ተገትረሽ ቀረሽ!” ብሎ ጮኸብኝ።

ልሄድ ብል እግሬ አልታዘዝ አለኝ። እንባዬ እየወረደ እዚያው ግቢው መሃል ቆሜ ቀረሁ። ያን ቀን መራመድ ያቃተኝ እኔ ነኝ።