ሰው አናቀላም

በፎቶ ቤቴ ግድግዳ ላይ፣ ደንበኛ ከሚቀመጥበት በርጩማ ትይዩ፣ በእጄ የጻፍኩት ማስታወቂያ ተሰቅሏል። «ጉርድ ፎቶ እናነሳለን። ሰው አናቀላም» ይላል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በዚህ ሥራ ስኖር ከደንበኛ ጋር የተጨቃጨቅሁት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ነው። ፎቶን በኮምፒውተር መነካካት ከተጀመረ ወዲህ ሰው የራሱን መልክ ይዞ ይመጣና የሌላ ሰው መልክ ይዞ መሄድ ያምረዋል።

አንድ ጊዜ ከጉንደ ወይን የመጣ ወጣት ለሥራ ማመልከቻ የሚሆን ፎቶ ፈልጎ ገባ። ማስታወቂያውን አንብቦ እንኳ ተስፋ አልቆረጠም።

«ጋሼ፣ ትንሽ ቀላ ያድርጉኝ።»

«ግድግዳውን አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ። ትንሽ ብቻ ነው ያልኩት።»

«ፈጣሪ ጠይም አድርጎ ሠርቶሃል። እኔ ማን ነኝና አርመዋለሁ?»

«ፈጣሪ ኮምፒውተር የለውማ! ደግሞስ ማን ያውቃል?»

«አንተ ታውቃለህ፤ እኔም አውቃለሁ። ሁለት ምስክር ይበቃል። አገጭህን ቀና አድርግ።»

ፎቶውን ተነስቶ እየሳቀ ሄደ። ሁሉም ግን እንደሱ አይስቅም። ሙሽሮች ይቆጣሉ፤ ማዶ ወዳለው ፎቶ ቤት ተሻግረው ፊታቸው እንደ ወተት ነጥቶ ይወጣሉ። ይሂዱ። እኔ ፎቶን የማየው እንደ ምስክርነት ቃል ነው። ችሎት ፊት ቆሞ የሚመሰክር ሰው ያየውን እንዲናገር እንጂ እንዲያሳምር አይጠራም።

ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ፊደል የቆጠርኩት ከመሪጌታ ዘንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን ያወቅሁት እያነበብኩ፣ ካሜራ እየፈታሁ፣ መልሼ መግጠም ሲያቅተኝ እየተናደድኩ ነው። ስለዚህ ልጆቼን ሳሳድግ ሁለት ነገር አልተውኩላቸውም። አንደኛው ውሸት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የተማሩትን በእንግሊዝኛ ነግረውኝ ማለፍ ነው። «በአማርኛ ልታስረዱኝ ካልቻላችሁ አልገባችሁም ማለት ነው» እላቸው ነበር። ልጆቼ ይህን ሕግ አይወዱትም። እኔም ሲወዱት ለማየት ብዬ አላወጣሁትም።

ታላቋ ልጄ ኬሚስትሪ አጥንታ ሁለተኛ ዲግሪዋን አዲስ አበባ ጨረሰች። ባለፈው ክረምት ወደ ቤት ስትመጣ ሁለት መንገድ ተከፍቶላት ነበር። አንደኛው እዚሁ ደብረ ማርቆስ በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ቋሚ ሥራ ነው፤ ከቤታችን በባጃጅ ደርሳ የምትመለስበት። ሌላው አዲስ አበባ ተመልሳ አራት ዓመት በምርምር ላይ መቆየት ነው። ለዚህኛው ሥራዋን በገምጋሚዎች ፊት አቅርባ መወዳደር ነበረባት።

«እርስዎ እሺ ካላሉ ግን አባዬ፣ አልወዳደርም» አለችኝ።

እሺ አላልኩም። «አራት ዓመት ሙሉ ምን እንደምትሠሪ ሳይገባኝ አልመርቅሽም» አልኳት። «አስረጂኝ። ከገባኝ ትሄጃለሽ። ካልገባኝ እዚሁ ያለውን ሥራ ትይዣለሽ።»

ያን ዕለት ራት ላይ ሞከረች። «በአጭሩ የምሠራው ሕዋሳትን ፎቶ ለማንሳት የሚረዳ ቀለም ነው» አለች።

የጠቀለልኩትን እንጀራ ወደ ሳህኑ መለስኩት። መሪጌታ ያስተማሩን ሕዋሳት አምስት ናቸው፤ ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስ፣ መዳሰስ። «ማሽተትን በምን ዓይነት ካሜራ ነው የምታነሱት?» አልኳት ከልቤ።

እናቷ የምትጠጣው ውኃ እስኪያንቃት ሳቀች። ልጄም ሳቋን ልትውጠው ሞክራ አቃታት። «እኛ ሕዋስ የምንለው ሌላ ነው አባዬ። ቤት በጡብ እንደሚሠራ ሁሉ ገላችን የተሠራበትን በዓይን የማይታይ ትንሽ ክፍል ነው።»

«ታዲያ ቃል ጠፍቶ ነው የመሪጌታን ቃል የወሰዳችሁት?»

«እኔ አልወሰድኩትም እኮ! እኔ ስደርስ ተወስዶ ነበር።»

እኔ ስለ ቃሉ ስቆጣ ራቱ በረደ፤ ስለ ሥራዋ ግን ምንም ሳልሰማ ቀረሁ። ለእሑድ ቀጠርኳት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ፎቶ ቤቱን ከውስጥ ዘግተን ሦስታችን ተቀመጥን። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለነበር ጮክ ብላ ነበር የምትናገረው። ሥዕሎቿን ፎቶ በማስተካክልበት ኮምፒውተር ላይ ከፈተች። መጀመሪያ የታየው ከነሥሩ የተነቀለ ባሕር ዛፍ የሚመስል ነገር ነው፤ ግንድ አለው፤ ቅርንጫፍ አለው፤ ሥሩ ይበተናል። መደቡ ጥቁር፣ ዛፉ አረንጓዴ።

«ይህ ከአይጥ አንጎል የተገኘ አንድ የነርቭ ሕዋስ ነው» አለች። «እንዲሁ ቢያዩት እንደ ውኃ ነው፤ አይታይም። እኔ የምሠራው ቀለም ገብቶ ይጣበቅበታል። ሰማያዊ ብርሃን ስናበራበት ቀለሙ አረንጓዴ ብርሃን ይመልሳል።»

«ባለሱቁ የብር ኖት እንደሚፈትሽበት መብራት?»

«እንደሱ! ወረቀቱ ላይ የተደበቀው መስመር መብራቱ ሲያርፍበት እንደሚበራው።»

ይህ ገባኝ። ቀጠለች። ብርሃንን ጫፉ ከደነዘ እርሳስ ጋር አመሳሰለችው፤ በደነዘ እርሳስ ቀጭን መስመር ማስመር እንደማይቻል ሁሉ፣ በጣም የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦችም በብርሃን ሲታዩ ተደባልቀው አንድ ይሆናሉ። ሌንስ ቢወደድም፣ ካሜራው ቢሻሻልም ያው ነው። ይህን እኔም በመጠኑ አውቀዋለሁ። ያላወቅሁት ሰዎች በቅርብ ዘመን ያገኙትን መላ ነው።

«ማታ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማዶ ያለውን ተዳፋት ያስቡት» አለችኝ። «ሁሉም ቤት አንድ ላይ ሲበራ ከሩቅ አንድ ብርሃን ይመስላል፤ ቤቱን መለየት አይቻልም። ግን እያንዳንዱ ቤት በየተራው ብልጭ ብሎ ቢጠፋስ?»

«አንዱን ባየሁ ቁጥር ቦታውን ምልክት አደርጋለሁ።»

«በቃ! ይኸው ነው። ቀለሙ በየተራው ብልጭ እንዲል ይደረጋል፤ የእያንዳንዱ ቦታ ይያዛል፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ሥዕል ላይ ይሰፍራል። ቀለሙን ማብሰል የኬሚስትሪ ሰው ሥራ ነው፤ ብርሃኑን መግራት የፊዚክስ ሰው፤ ሕዋሱን በሕይወት ማቆየት ደግሞ የባዮሎጂ ሰው። አንዳችንም ብቻችንን ምንም አናይም።»

ትምህርት ያስኮራል፤ ከሌላው ሙያ መለመንን የሚያስተምር ትምህርት ግን ሰውን ዝቅ አድርጎ ያሳድገዋል።

ቀጥሎ የአንዱ ነርቭ ጫፍ ሌላው ላይ የሚደርስበትን ቦታ አሳየችን። አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው ቀይ ነው፤ አይነካኩም። በመካከላቸው ክፍተት አለ፤ አንደኛው ጥቂት ኬሚካል ሲለቅ ሌላው ይቀበላል።

«እንደ ጎረቤት በአጥር ላይ ነው የሚቀባበሉት በይኛ» አለች እናቷ።

«አዎ እማዬ። ያስታወስነው ነገር የሚቀመጠው በዚህ መቀባበል ጥንካሬ ላይ ነው ብለው ብዙዎች ያስባሉ። ሽማግሌዎች ላይ የሚመጣው የመርሳት በሽታ ሲጀምር ይህ ቦታ ቀድሞ የሚጎዳ ይመስላል።»

የእኔ እናት በመጨረሻ ዘመኗ በወንድሟ ስም ትጠራኝ ነበር። አቤት እላት ነበር፤ ሌላ ምን ይደረጋል። «ታዲያ መድኃኒቱን ልትሠሪ ነው?» አልኳት ልጄን።

«አይ። እንዲህ ብዬ አልዋሽዎትም። እኔ የምሠራው ቦታውን አጥርቶ የሚያሳይ ቀለም ነው። መድኃኒት የሚፈልጉት ሌሎች ናቸው፤ እነሱም የሚፈልጉትን ማየት አለባቸው።»

መልሷን ወደድኩት። እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ዓይኔ የፎቶ አንሺ ዓይን ነውና አንድ ነገር ከነከነኝ።

«ይህ አረንጓዴ የራሱ የቀለሙ ነው?»

«ቀለሙ የሚመልሰው አረንጓዴ ነው። ካሜራው ግን የሚይዘው የብርሃኑን ብዛት ብቻ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ነው። አረንጓዴውን ኮምፒውተሩ ላይ የምንቀባው እኛ ነን።»

«ቀዩንስ?»

«ቀዩንም እኛ ነን። ቢፈልጉ ቢጫ ይሆናል።»

ከበርጩማው ተነሳሁ። «ስለዚህ አቀላችሁት!»

«አባዬ...»

«ከኔ ቤት ወጥተሽ አይጥ ታቀያለሽ!»

እናቷ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ልጄ ግን አልሳቀችም፤ እንደኔ ግንባሯን ቋጠረች። «ይቀመጡና ይስሙኝ» አለች። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር የትኛው ቀለም ለምን እንደተሰጠ ይጻፋል። ሥዕሉን ማድመቅ ይቻላል፤ ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል መድመቅ አለበት። አንዱን ጥግ ብቻ አድምቆ፣ ያልወደደውን ጥግ አጨልሞ ያቀረበ ሰው ከተደረሰበት ሥራው ይሰረዛል፤ ስሙም ይጠፋል። «ቀለም የምንሰጠው እንዲለይ ነው። ቀለም መስጠታችንን ግን አንደብቅም። እርስዎ የሚቃወሙት መደበቁን አይደለም?»

አሰብኩበት። እውነቷን ነው። ያ የጉንደ ወይን ልጅ ከፎቶው ሥር «በኮምፒውተር የቀላ» ብለው ይጻፉበት ቢለኝ ኖሮ አቀላው ነበር። ተቀመጥኩ።

ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ማሳለፍ ጀመረች። በመካከል አንዱ ሲያልፍ «መልሺው» አልኳት። እንዲህ ያለ ፎቶ በዕድሜዬ አላነሳሁም። በጥቁር መደብ ላይ ደመራ ሲናድ የሚበተነውን የእሳት ፍንጣሪ የመሰለ፤ ቅርንጫፎቹ ላይ የበሩ ትላልቅ ነጥቦች፣ አንዳንዱ እንደ ኮከብ ጨረር ያለው።

«ይህንን መጀመሪያ ላይ አድርጊው» አልኳት። «ገምጋሚዎቹ ገና ሳትናገሪ አፋቸውን ይከፍታሉ።»

«እሱ አይቀርብም።»

«ለምን?»

«የተበላሸ ነው። እነዚህ ትላልቅ ነጥቦች ሕዋሱ ላይ ያሉ አይደሉም። በደንብ ስላላጠብኩት ቀለሙ ተቋጥሮ ነው። ለራሴ ማስታወሻ ብዬ ነው የያዝኩት።»

«ተቋጠረም አልተቋጠረም ያምራል።»

«ያምራል። ግን የለም። ያየሁት ነገር አይደለም።»

«ከሌሎቹ ጋር ቀላቅለሽ አስገቢውና...» አልኩ፤ ቀጥሎ የወጣው ከኔው አፍ ነው። «ማን ያውቃል?»

ዝናቡ እንኳ ያን ጊዜ ጋብ ያለ መሰለኝ። እናቷ ናት ነጠላዋን ከአፏ ያነሳችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ዞር በልና ግድግዳህን አንብበው።»

ዞር አልኩ። በእጄ ጽሑፍ፣ በጥቁር ቀለም፣ ከበርጩማው ትይዩ። ስንቱን ሙሽራ ያስቆጣሁበት። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ከዚያ ሳቄ መጣ፤ ሦስታችንም ሳቅን፤ ልጄ ዕንባዋን እስክትጠርግ።

ስቄ ስጨርስ ግን ነገሩ ገባኝ። የሕዋሱ ሳይሆን የኔው ነገር። «ምን እንደምትሠሪ ካልገባኝ» ያልኳት ሰበብ ነበር። የፈለግሁት በባጃጅ ሄዳ በባጃጅ እንድትመለስልኝ ነው። ይህን በግልጽ ብነግራት ትቀርልኝ ነበር፤ ስለዚህ አልነገርኳትም፤ በፈተና ሸፈንኩት። ይሁንና እዚያው ፈተናው መሐል፣ ሳላስበው፣ እንድታሸንፍ ብዬ ላጭበረብርላት ተነሳሁ። እንድትቀር የሚፈልግ ሰው እንዲህ አያደርግም።

«ሂጂ» አልኳት። «ያንን ሥዕል ሳትይዢ ሂጂ።»

«ገባዎት?»

«ግማሹ ገብቶኛል። ግማሹን አራት ዓመት አለሽ፤ ታስረጂኛለሽ።»

«አንድ ነገር ደግሞ አለ አባዬ» አለች ኮምፒውተሩን እየዘጋች። «ማየትም መስማትም ያለ ነርቭ ሕዋስ አይሆንም። በዚያ ራት ላይ ያሉት ብዙ የራቀ አልነበረም።»

«አታባብዪኝ። ተሳስቼ ነበር።»

«ተሳስተው ነበር» አለች፤ ከኔም የባሰ ኮስተር ብላ።

አቀረበች፤ ተቀበሏት። አሁን አዲስ አበባ ናት። በየሳምንቱ ስትደውል የሠራችውን በአማርኛ ታስረዳኛለች። ያልገባኝን አልገባኝም እላታለሁ፤ ገብቶኛል ብዬ ብዋሻት በድምፄ ታውቅብኛለች። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ እናቷም እኔም ለምደነዋል። የቀረብን ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ የቀረባት ነገር ግን የለም፤ ለዚህ ተመስገን እላለሁ።

ከመሄዷ በፊት ያንን የተበላሸ ሥዕል አትሜ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ልስቀለው አልኳት። መጀመሪያ እንቢ አለች። በኋላ ከሥሩ ምን እንደሆነ ከጻፍኩበት ብቻ ፈቀደች። ከማስታወቂያዬ ጎን ሰቅዬ በእጄ ጻፍኩበት፦ «የነርቭ ሕዋስ። ትላልቆቹ ነጥቦች በደንብ ያልታጠበ ቀለም ናቸው። አረንጓዴው በኮምፒውተር የተቀባ።»

ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ሰሞኑን ሱፍ ለብሶ ለሠርግ መጥሪያ ፎቶ ሊነሳ የመጣ አንድ ሰው ከበርጩማው ሳይቀመጥ አንገቱን አዘንብሎ ሲያየው ቆየ።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ስሕተት ነው። ልጄ ናት የሠራችው።»

«ስሕተት እንዲህ ካማረ እኔን ትንሽ ቢያቀሉኝ ምናለበት?»

«ከሥሩ እጽፍበታለሁ።»

«ምን ብለው?»

«ሙሽራው እንዲህ አይደለም ብዬ።»

በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ኮሌታውን አስተካከለ። «ይቅር፤ በጠይምነቴ ነው እሺ ያለችኝ» አለ። መብራቱን ወደ ግራ ጉንጩ አዞርኩለት፤ አገጩን ሳልነግረው ቀና አደረገ።